የእንግሊዞች ስድብ፦ የቱን ልለፈው፣ የቱን ልያዘው?

ይህን የምጽፈው እንግሊዝ አገር አዲስ ገብታችሁ በመጋዘን፣ በኩሽና፣ በጽዳት ወይም በአረጋውያን እንክብካቤ ሥራ ለምትጀምሩ ወገኖቼ ነው። ሥራው ከባድ ቢሆንም ይለመዳል፤ ብርዱም ይለመዳል። እኔን ለረጅም ጊዜ እንቅልፍ የነሳኝ የሰው አፍ ነው። ተሰደብኩ ወይስ ተቀለደብኝ? ልመልስ ወይስ ዝም ልበል? ለአለቃ ብናገር ይሰሙኛል ወይስ ይስቁብኛል? እንግሊዝኛ ያስተማሩኝ ሰዎች ስለ ግሥና ስለ መስተዋድድ ብዙ ነገሩኝ፤ ስለዚህ ግን ማንም አልነገረኝም። ደፈር ብዬ ቃላቱን በስማቸው ስለምጠራ ከወዲሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ሸፋፍኜ ብጽፈው ማንንም አይጠቅምም።

እንግሊዝ ከመግባቴ በፊት ጅዳ የሰው ቤት እሠራ ነበር። ኖቲንግሃም ስደርስ ሥራ ያገኘሁት በኤጀንሲ በኩል አንድ ትልቅ መጋዘን ውስጥ፣ በሌሊት ሺፍት ነው። አብራኝ ካርቶን የምታሽግ ጠና ያለች እንግሊዛዊት ገና ከመጀመሪያው ሌሊት ጀምሮ «ዳክ» ትለኝ ጀመር። «ዳክ፣ ቴፑን አቀብይኝ»፣ «ዳክ፣ ሻይ ትጠጫለሽ?» ዳክ ማለት ዳክዬ መሆኑን አውቃለሁ። እኛ አገር ሰውን በእንስሳ ስም መጥራት ምን ማለት እንደሆነ ደግሞ ለእናንተ አልነግራችሁም። ጥርሴን ነክሼ ዝም አልኩ፤ ሻይዋንም አልጠጣሁላትም። ኋላ እንደገባኝ በኖቲንግሃም፣ በደርቢና በስቶክ አካባቢ «ዳክ» የእኛው «ሆዴ» ነው። የአውቶቡስ ሾፌሩ ሽበታም ሽማግሌውን ሳይቀር ይለዋል። ኒውካስል ብትሄዱ «ፔት» ይሏችኋል፤ ግላስጎው ሴቷን «ሄን»፣ ማለትም ዶሮ ይሏታል፤ ዮርክሻየር ደግሞ ወንድ ለወንድ «ላቭ» ሲባባል ትሰማላችሁ። በዚህ ሁሉ አንዳች ክፋት የለም። እንዲያውም ዳክ መባላችሁ ሲቀር ነው «ምን አስቀየምኳት?» ብላችሁ ማሰብ ያለባችሁ።

በዚያው መጋዘን የሆነውን አንድ ነገር ግን እስከ ዛሬ አልረሳውም። አንድ የአገራችን ልጅ፣ ጨዋና ታታሪ ሠራተኛ፣ ፓሌቱን በስሕተት በሌላ መስመር ላይ አስቀመጠው። ሱፐርቫይዘሩ ከሩቅ «ዩ ማፔት!» ብሎ ጮኸበት። ልጁ ስልኩ ላይ ሲፈልገው አሻንጉሊት የሚል ነገር አገኘ። «መጫወቻ አደረገኝ፣ ሰው አይደለህም አለኝ» ብሎ ደሙ ፈላ። በእረፍት ሰዓት ሱፐርቫይዘሩን ገፈተረው። የቆሰለ፣ የተጎዳ ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል፤ ቢሆንም ልጁ በዚያው ሌሊት ባጁን አስረክቦ ወጣ፣ ኤጀንሲውም ሌላ ሥራ አልሰጠውም። ማፔት ማለት እኮ ከቴሌቪዥን አሻንጉሊቶች የመጣ፣ እናት ልጇን «አንተ ቂላቂል» የምትልበት ዓይነት ቃል ነው። እዚህ አገር ሥራ ቦታ ላይ ሰው ላይ እጅ ያነሣ ሰው፣ ጀማሪው ማንም ይሁን ማን፣ ብዙ ጊዜ የሚባረረው እሱ ነው። ስለዚህ ቃሉ ምንም ይሁን ምን እጃችሁን ሰብስቡ።

በኋላ ነው ከአንድ ጋሼ ጋር የተዋወቅሁት። በደርግ ጊዜ የወጡ፣ ባቡር ጣቢያ ሲሠሩ ጡረታ የደረሱ ሰው ናቸው። የእንግሊዙን አፍ ከእነ ቅመሙ ያውቁታል። ቅዳሜ ቅዳሜ ቤታቸው ቡና እያፈላሁ፣ በሳምንቱ የሰማሁትን ሁሉ እያመጣሁ እጠይቃቸዋለሁ፤ እሳቸውም አንድ በአንድ ይነግሩኛል። ከዚህ በታች ያለው አብዛኛው የእሳቸው ትምህርት ነው።

ቀላሎቹ ከማፔት ጋር አንድ ቤተሰብ ናቸው፦ ዋሊ፣ ፕሎንከር፣ ፕራት፣ ፒሎክ፣ ስኮትላንድ ውስጥ ናምፕቲ፣ ሰሜን እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ ዋዞክ። ሁሉም ዞሮ ዞሮ ሞኝ፣ ቂል፣ ጅል ነው። ፕራት ድሮ መቀመጫ ማለት ነበር፣ ፒሎክም የወንድ ብልት፤ ዛሬ ግን ሲናገሩት ያንን የሚያስብ የለም። «ማግ» የሻይ ኩባያ አይደለም፤ በቀላሉ የሚታለል ሰው ነው። «አይ አም ኖት ኤ ማግ» ያላችሁ ሰው «አታሞኘኝ» ማለቱ ነው። እኛ ሰፈር በተለይ የምትሰሙት «ማርዲ» አለ፤ አኩራፊ ማለት ነው፣ ለሕፃንም ለትልቅም ይነገራል። እኔም ያኔ ሻይ እምቢ ስል ከኋላዬ «ማርዲ» ተብዬ እንደነበር ኋላ ነገሩኝ፤ ልክ ነበሩ።

ከበድ ወዳሉት ስንመጣ ቃሉ ከወሲብና ከብልት የተነሣ ነው፦ ዋንከር፣ ትዋት፣ ፕሪክ፣ ዲክሄድ፣ ኖብሄድ፣ ቤልኤንድ። ከሁሉ የከፋው በሲ ፊደል የሚጀምረው፣ በሴት ብልት የሚሳደቡበት ቃል ነው፤ ሙሉውን ከመጥራት «ሲ ወርድ» ይሉታል። እነዚህን አለቃ ፊት፣ ሕፃን ፊት፣ ደንበኛ ፊት የሚናገር ሰው ሆን ብሎ መስመር ያለፈ ነው። የእንግሊዝ መንግሥታዊና ማኅበራዊ ተቋማት ራሳቸው ይህን ክብደት ይለካሉ። በ2000 ዓ.ም. በአውሮፓውያን አቆጣጠር የብሮድካስትና የማስታወቂያ ተቆጣጣሪዎች ከቢቢሲ ጋር ሆነው ሕዝቡን ሲጠይቁ ዋንከር ከክፉ ቃላት ሁሉ አራተኛ ወጥቶ ነበር። የቴሌቪዥን ተቆጣጣሪው ኦፍኮም በ2016 ባሳተመው ጥናት ደግሞ «ጊት» (የማይረባ ሰው) ከቀላሎቹ ተርታ፣ «ቤልኤንድ» ከጠንካሮቹ ተርታ ተቀምጠዋል። ቴሌቪዥን ላይ እንዲህ ያሉ ከባድ ቃላት ከምሽቱ 3 ሰዓት በፊት የማይሰሙትም በዚሁ ተቆጣጣሪ ደንብ የተነሣ ነው። እናንተም ማታ ከ3 ሰዓት በፊት በቴሌቪዥን የሰማችሁት ስድብ እንግዲህ እንቅልፍ የሚያሳጣ አይደለም ብላችሁ ልታስቡ ትችላላችሁ።

ጋሼ በጣም የሚወዱት ምሳሌ «በርክ» ነው። የዋህ የሚመስል ቃል ነው፤ አያቶች ሳይቀሩ ይሉታል። ግን የለንደን ምሥራቅ ሰፈር ሰዎች ቃልን በሚመሳሰል ድምፅ እየደበቁ ከሚናገሩበት ልማድ የመጣ ነው። በርክሊ ሀንት የሚለው የአደን ማኅበር ስም መጨረሻው ከዚያ ከሲው ቃል ጋር ቤት ይመታል። መጨረሻው ተቆርጦ ቀረና በርክ ብቻ ሆነ። ሰሙ ሞኝ፣ ወርቁ ሌላ። በቅኔ ያደገ ሰው ይህን ሲሰማ አይገርመውም፤ ዛሬ የሚናገሩት ብዙዎቹ ወርቁን ረስተውታል እንጂ።

ወርቁ ያልተረሳበት ስድብ ግን አለ፤ እሱ የሚመጣው በጨዋ አፍ ነው። «ዊዝ ሪስፔክት» ብሎ የሚጀምር ሰው ቀጥሎ ክብር የሌለው ነገር ሊናገር ነው። «ብለስ ሂም» ሲሉ ምርቃት አይምሰላችሁ፤ ብዙ ጊዜ «ምስኪን፣ አይገባውም እኮ» ማለት ነው። «ኖት ዘ ሻርፐስት ቱል ኢን ዘ ቦክስ» ከተባለ ሰውየው ደነዝ ተብሏል። በእኛ ቋንቋ አንቱታውን ትቶ አንተ ማለት ብቻ ሰውን ለማዋረድ ይበቃል። እንግሊዝኛ ይህ የለውም፤ ስለዚህ ንቀቱን የሚያስቀምጡት ድምፃቸው ላይ ነው። «ሜት» ወዳጄ ነው፤ «ሊስን፣ ሜት» ብሎ ፊቱን ቅጭም አድርጎ ከተናገረ ግን ጠብ እየጀመረ ነው። «ሰንሻይን» እና «ስዊትሃርት»ም እንዲሁ ናቸው። ባንክና መሥሪያ ቤት ውስጥ ስትሠሩ ከዋንከር ይልቅ እነዚህን ትሰማላችሁ።

ምልክትም አለ። ሁለት ጣት አውጥቶ የእጅን ጀርባ ወደ ሰው ማሳየት ከባድ ስድብ ነው። መዳፉ ወደ ሰው ከዞረ ግን ድል ወይም ሰላም ነው። ቸርችል በ1941 የድል ምልክቱን ሲጀምር በተሳሳተው ጎን ያሳይ እንደነበር ፎቶዎቹ ይመሰክራሉ። ካፌ ገብታችሁ ሁለት ማኪያቶ ስታዝዙ መዳፋችሁን ወደ አስተናጋጁ አዙሩ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በመጋዘኑ አንድ ሰው ነበር፣ የፎርክሊፍት ሾፌር። ሁልጊዜ ይስቃል፣ ሁሉንም ያስቃል። እኔን «ቢንት» ይለኝ ነበር። ጅዳ ለኖርኩት ለእኔ ቢንት ማለት በዓረብኛ ሴት ልጅ ነው፤ ማዳሜ ሴት ልጇን የምትጠራበት ቃል። እንዲያውም «ዓረብኛ ያውቃል ማለት ነው» ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ቃሉን ያመጡት ግብፅና መካከለኛው ምሥራቅ የነበሩ የእንግሊዝ ወታደሮች ናቸው፤ በእንግሊዝኛ ሲገባ ግን ሴትን ማቃለያ ሆነ። ከጅዳ፣ ከቤይሩት፣ ከካርቱም የመጣችሁ እህቶቼ ይህን ልብ በሉ፤ እዚህ አገር ቢንት ያላችሁ ሰው ሴት ልጄ አላላችሁም። ቀጥሎ «ስቱፒድ ቢንት» መጣ። ከዚያ ስለ ፀጉሬ፣ ከዚያ የዝንጀሮ ድምፅ፣ ከዚያ «ወደ ጫካሽ ተመለሺ»። በየመሐሉ ግን አንድ ቃል አይጠፋም ነበር፦ «ባንተር ነው እኮ!»፣ ቀልድ ነው ማለቱ ነው። ሌሎቹም ይስቃሉ፣ እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ ካልሳቅሁ ማርዲ ሊሉኝ ነው።

ለጋሼ ስነግራቸው ስኒያቸውን አስቀመጡና ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። «ልጄ፣ ስሚኝ» አሉኝ። «ባንተር የሚባለው የሁለት ሰው ጨዋታ ነው። አንቺ ያንኑ ብትመልሺለት ይስቃል? ማናጀሩ አጠገቡ ቆሞ ቢሆን ይለው ነበር? በሥራሽ ነው የሰደበሽ ወይስ በቆዳሽ?» ሦስቱንም በልቤ መለስኩ። ያን ቀን ገባኝ፤ ያ ወንድማችን በማፔት ሥራውን አጣ፣ እኔ ደግሞ ከማፔት በብዙ እጥፍ የባሰውን በሳቅ እያሳለፍኩ ነበር። የብዙዎቻችን ጉዳት ይኸው ነው፤ ለቀላሉ እንቆጣለን፣ ለከባዱ አንገታችንን እንደፋለን።

ጋሼ የነገሩኝን ተከተልኩ። ቃሉን እንዳለ፣ በራሱ እንግሊዝኛ፣ ከቀኑና ከሰዓቱ ጋር፣ ማን አጠገብ እንደነበረ ጨምሬ ስልኬ ላይ መዝገብ ያዝኩ። አንዴ ፊት ለፊት፣ ድምፄን ሳላነሣ፣ «ፕሊዝ ዶንት ኮል ሚ ዛት» (እባክህ እንደዚያ አትጥራኝ) አልኩት። ይህች ዓረፍተ ነገር ቀላል አትምሰላችሁ፤ ከዚያ በኋላ «ደስ ይላት ነበር፣ ትስቅ ነበር» ማለት አይችልም። እሱ ግን አልተወም። ግሪቫንስ የሚባለውን የቅሬታ ደብዳቤ ለሰው ኃይል ክፍሉ አስገባሁ። ምስክር የሆነችኝ ያቺ «ዳክ» የምትለኝ ሴትና አንድ ፖላንዳዊ ልጅ ናቸው። ሰውየው የመጨረሻ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶት ወደ ሌላ ሺፍት ተዛወረ። እንዲባረር እፈልግ ነበር፤ አልሆነም። ሆኖም ከዚያ ወዲህ በዚያ መጋዘን ማንም እንደዚያ አልተናገረኝም።

ሕጉ ከእናንተ ጋር ነው። የ2010ሩ የእኩልነት ሕግ በዘር፣ በፆታ፣ በሃይማኖት፣ በአካል ጉዳት፣ በዕድሜ ምክንያት ሰውን የሚያዋርድ ንግግር በሥራ ቦታ ይከለክላል። ቁልፉ ነገር ተናጋሪው ያሰበው ብቻ ሳይሆን ንግግሩ በእናንተ ላይ ያመጣው ውጤትም መታየቱ ነው። በኤጀንሲ የምትሠሩም ከሕጉ ጥበቃ ውጭ አይደላችሁም። «ስድብ እኮ ነው፣ ማን ይሰማኛል» ለምትሉ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ዮርክሻየር ውስጥ አንድ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ አለቃው በዚያ በሲው ቃል ላይ «በራ» ጨምሮ ሰደበው። በ2022 የሼፊልድ የሥራ ክርክር ችሎት በራነት ይበልጡን የሚያጠቃው ወንድን ስለሆነ ስድቡ ከፆታ ጋር የተያያዘ ትንኮሳ ነው ብሎ ፈረደ፤ የይግባኙም ችሎት በ2023 አጸናው። ልብ በሉ፣ ችሎቱ ላይ የመዘነው ከባዱ የብልት ስድብ ሳይሆን «በራ» የምትለዋ ናት። ሕጉ የሚጠይቀው ቃሉ ምን ያህል ጸያፍ ነው ብቻ አይደለም፤ የሰውየውን ምን ነካበት ነው።

ሕዝቡም እንደዚያው ይመዝናል። በ2012 አንድሩ ሚቸል የሚባል የመንግሥት ሹም የጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ባለበት በዳውኒንግ ስትሪት በር ላይ ከፖሊሶች ጋር ተጋጨ። ጸያፍ ቃል መናገሩን አመነ፤ «ፕሌብ» ብሏቸዋል መባሉን ግን ካደ። ፕሌብ ተራ ሕዝብ፣ ዝቅተኛ መደብ ማለት ነው። አገሩ የተቆጣው በጸያፉ ሳይሆን በፕሌቡ ነበር። ሥልጣኑን ለቀቀ፣ በ2014 የስም ማጥፋት ክሱንም ተረታ። መደብን የሚነካ ስድብ እዚህ አገር እንዴት እንደሚያም ከዚህ ይታያል። «ቻቭ» የሚለውም የድሃ ሰፈር ወጣቶችን ማዋረጃ ነው፤ ከሥራ ባልደረቦቻችሁ ሰምታችሁ አትድገሙት።

አለመድገም ካልኩ አይቀር፣ እኛ ራሳችን ሳናውቅ የምንለቅማቸው ቃላት በጣም ያሳስቡኛል። የሰፈር ሱቅን «ፓኪ ሾፕ» የሚሉ አበሾች ሰምቻለሁ፤ ከአሮጌ እንግሊዞች የለመዱት ነው። ይህ ቃል በእስያውያን ላይ የሚወረወር የዘር ስድብ ነው፤ ብዙዎች በመንገድ ላይ ሲደበደቡ የሰሙት ቃል ነው። «ፓይኪ» በጂፕሲዎችና በተጓዥ ማኅበረሰብ ላይ ያው ነው። «ስፓዝ» በአካል ጉዳተኞች ላይ ነው፤ ስፓስቲክ የሚለው የሕክምና ቃል ስድብ ሆኖ ስለተበላሸ ሴሬብራል ፓልሲ ያለባቸውን የሚረዳው ትልቁ በጎ አድራጎት ድርጅት በ1994 ስሙን ወደ ስኮፕ ለመቀየር ተገድዷል። እነዚህን ቃላት «አላወቅሁም» ብላችሁ ብትናገሩም ሥራችሁን ልታጡባቸው ትችላላችሁ፤ ከሥራው በላይ ደግሞ የሰው ልብ ትሰብራላችሁ።

ዛሬ የምሠራው በአረጋውያን መኖሪያ ነው። እዚያ ደግሞ ሌላ ፈተና አለ። የመርሳት ሕመም ያለባቸው አዛውንቶች ስታጥቧቸው፣ ስታለብሷቸው እጅግ የሚያም የዘር ስድብ ሊሳደቡ ይችላሉ። ከነዚህ ጋር ክርክር የለም፤ ሕመሙ ነው። ሆኖም ዋጥ አድርጋችሁ ብቻ አትለፉት። በመዝገብ ላይ ጻፉት፣ ለተረኛ ኃላፊው ንገሩ፣ ከተደጋገመ ሌላ ሠራተኛ እንዲገባ ወይም በሁለት ሰው እንዲሠራ ጠይቁ። ቤተሰብ ሊጠይቅ መጥቶ የሚሳደብ ጤነኛ ሰው ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱን እንዲያስቆምላችሁ አሠሪያችሁን ጠይቁ።

ልጆች ላላችሁ ደግሞ፦ አስተማሪ ልጃችሁን «ቺኪ ሞንኪ» ካለችው፣ ይህ ለነጩም ለጥቁሩም ሕፃን የሚነገር፣ «አንተ ተንኮለኛ» እንደማለት ያለ የፍቅር ቃል ነው። ቢሆንም ለጥቁር ልጅ ሲነገር እኛ ወላጆች ሌላ እንደምንሰማበት በትሕትና መንገር ነውር የለውም፤ እኔ ነግሬያለሁ፣ አስተማሪዋም በደንብ ተረድታኛለች። ሌላ ልጅ በቆዳው ምክንያት ከሰደበው ግን በቃል ብቻ አትመለሱ፤ ለትምህርት ቤቱ በኢሜይል ጻፉ፣ መልሱንም በጽሑፍ ጠይቁ።

መንገድ ላይ ወይም አውቶቡስ ውስጥ በዘራችሁ ከተሰደባችሁ 101 ደውላችሁ ለፖሊስ ማስመዝገብ ትችላላችሁ፤ አደጋ ካለ 999። አስተርጓሚ ጠይቁ። የሥራ ቦታ ከሆነ አካስ የሚባለው ተቋም በነፃ ያማክራል፤ ስልኩ 0300 123 1100 ነው። ቶሎ ደውሉ፣ ምክንያቱም ወደ ችሎት ለመሄድ የጊዜ ገደብ አለ፤ እኔ በጠየቅሁበት ጊዜ ከድርጊቱ ቀን ጀምሮ ሦስት ወር አንድ ቀን ሲጎድል ነበር፣ ክሱም ከመከፈቱ በፊት በአካስ በኩል ማለፍ ግዴታ ነው። ለደብዳቤው እንግሊዝኛ አትጨነቁ። የእኔ ደብዳቤ ግማሽ ገጽ እንኳ አይሞላም ነበር፤ በእያንዳንዱ መስመር ቀን፣ ሰዓት፣ የተባለው ቃል፣ የሰማው ሰው፣ ሌላ ምንም የለበትም። ቃሉን ስትጽፉ አታሳምሩት፣ አትሸፍኑት፣ ቢያሳፍራችሁም እንደሰማችሁት አስቀምጡት። ከመላካችሁም በፊት አንድ ቅጂ በራሳችሁ ኢሜይል ያዙ፤ የሥራ ቦታው ኢሜይል ከሥራ ስትወጡ ይዘጋልና።